ቀኑን የሚቆርጠው ማን ነው? ስለ እንግሊዝ ፓርላማ የግል ረቂቅ ሕጎች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ባለፈው እትም በዚህ ዓምድ የእንግሊዝ ፓርላማ የታችኛው ምክር ቤት አብዛኛው የሥራ ሰዓት በመንግሥት እጅ መሆኑን በአጭሩ ገልጸን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት «የግል» ስለሚባሉት ረቂቅ ሕጎች፣ እንዲሁም የእነዚህ ረቂቆች አሠራር ይሻሻል ሲባል ክርክሩ መቼ እንደሚካሄድ የሚወስነው ማን እንደሆነ የሚጠይቁ ናቸው። ተመሳሳይ ይዘት ያላቸውን አጣምረን አምስቱን መርጠናል። ስለ ኢትዮጵያ ከሚናገረው የመጨረሻ መልስ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሕግ ተማሪ ነኝ። የእንግሊዝ ፓርላማ «የግል ረቂቅ ሕግ» የሚባል ነገር እንዳለው አነበብሁ። አንድ ጓደኛዬ ይህ የምክር ቤት አባል በግሉ የሚያቀርበው ረቂቅ ነው ይለኛል። ሁለቱ አንድ ናቸው? ከሆኑስ ለምን በሁለት ስም ይጠራሉ?
— የሕግ ተማሪ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ አንድ አይደሉም፤ ስማቸው ስለሚቀራረብ ግን በራሳቸው በእንግሊዞቹ ዘንድ እንኳ መምታታታቸው የተለመደ ነው። ሚኒስትር ያልሆነ አንድ የምክር ቤት አባል በራሱ ተነሣሽነት የሚያቀርበው ረቂቅ እንደ ማንኛውም የመንግሥት ረቂቅ ለአገሩ ሁሉ የሚሠራ ሕግ ለማውጣት የታሰበ ነው። በነፍስ ግድያ ወንጀል ይፈጸም የነበረውን የሞት ቅጣት ያስቆመው የ1965 ሕግና ፅንስ ማቋረጥን በተወሰኑ ሁኔታዎች የፈቀደው የ1967 ሕግ የመጡት በዚህ በር ነው። እንዲህ ያሉ ረቂቆች በዋነኛነት የሚታዩት ምክር ቤቱ በአንድ የሥራ ዘመን ለእነርሱ በሚለያቸው 13 ዓርቦች ነው።

የግል ረቂቅ ሕግ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። አቅራቢው ከምክር ቤቱ ውጭ ያለ አካል ነው፤ ማዘጋጃ ቤት፣ ኩባንያ፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም የበጎ አድራጎት ድርጅት ሊሆን ይችላል። ይህ አካል አጠቃላዩ ሕግ የማይሰጠውን ወይም እንዲያውም የሚከለክለውን ሥልጣን ለራሱ ብቻ እንዲፈቀድለት ፓርላማውን በአቤቱታ ይጠይቃል። የሚወጣው ሕግ የሚሠራውም ለዚያ አካል ወይም ለዚያ ሥፍራ ብቻ ነው።

ዛሬ በዓመት የሚቀርቡት የግል ረቂቆች በጣት የሚቆጠሩ ስለሆኑ ጉዳዩ የጥቂት ባለሙያዎች ብቻ ይመስላል፤ የአገሪቱ መልክ ግን በአብዛኛው የተሠራው በእነርሱ ነው። ከ1604 እስከ 1914 ባሉት ዓመታት ከ5,200 በላይ የግል ሕጎች የጋራ የነበረን የግጦሽና የእርሻ መሬት አጥረው በግል ይዞታ ሥር አድርገዋል። የባቡር ሐዲድ ትኩሳት በአገሩ በተነሣ ጊዜ በ1846 ብቻ 272 የባቡር ሕጎች ጸድቀዋል፤ የሰውን መሬት በግዴታ ገዝቶ ሐዲድ ለመዘርጋት ያለ ፓርላማ ፈቃድ የሚቻል አልነበረምና። ከሁሉ የሚገርመው ግን ፍቺ ነው። እስከ 1857 ድረስ በእንግሊዝ አገር ጋብቻን ፈጽሞ አፍርሶ ሌላ ለማግባት የሚፈልግ ሰው በስሙ ሕግ ማስወጣት ነበረበት። ባልየው በመጀመሪያ በቤተ ክህነት ፍርድ ቤት የመለያየት ውሳኔ ያገኛል፤ ቀጥሎ በተለመደው ፍርድ ቤት የሚስቱን ውሽማ ከስሶ ካሳ ያስፈርዳል፤ ከዚያም ምስክሮቹን ይዞ ወደ ላይኛው ምክር ቤት ይቀርባል። ይህን ሁሉ ወጪ የሚችለው ባለጸጋ ብቻ ነበር። በዚህ መንገድ ከወጡት ከ300 የሚበልጡ የፍቺ ሕጎች በሴት ጠያቂነት የወጡት አራት ብቻ ናቸው።

ጥያቄ፦ አባታችን ያረፉት በለንደን ካሉት የቆዩ የመቃብር ቦታዎች በአንዱ ነው። የመቃብር ቦታው ባለቤት አሮጌ መቃብሮችን እንደገና ለመጠቀም የሚያስችለው ሕግ እንዲወጣለት ፓርላማውን ሊጠይቅ እንደሆነ በአካባቢው ይወራል። አንድ የመቃብር ድርጅት ሕግ አውጡልኝ ማለት ይችላል? እኛስ መቃወም እንችላለን?
— ልጆቻቸው፣ ከለንደን

መልስ፦ ድርጅቱ ይችላል፤ እናንተም ትችላላችሁ። ከዚህ በፊትም ተደርጓል፤ የኒው ሳውዝጌት መቃብር በ2017፣ ካርል ማርክስ የተቀበረበት የሃይጌት መቃብር ደግሞ በ2022 በዚሁ መንገድ የየራሳቸውን ሕግ አስወጥተዋል። ሁለቱም ሕጎች የተጠየቁት ቦታው በመሙላቱ ነው። ሥጋታችሁን በተመለከተ፣ በእነዚህ ሕጎች መሠረት ሊነካ የሚችለው 75 ዓመት ያለፈው መቃብር ነው፤ አስቀድሞ ማስታወቂያ መውጣት አለበት፤ በመዝገብ የሠፈረው የመቃብሩ ባለመብት ከተቃወመም መብቱ አይሰረዝም። የሚመጣው ረቂቅ ተመሳሳይ ጥበቃዎችን መያዝ አለመያዙን ግን ራሳችሁ አንቀጽ በአንቀጽ ማንበብ ይኖርባችኋል።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚዘነጋውን ነገር እናንሣ። የመቃብር መብት የሚሰጠው በሰነድ ሲሆን ሰነዱ ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው ስም ብቻ የተጻፈ ነው። ያ ሰው ካረፈ መብቱ በሕጋዊ መንገድ ወደ ወራሾቹ መዛወርና በመቃብሩ መዝገብ ላይ መስፈር አለበት። ይህ ካልተደረገ ማስታወቂያው ወደ ቀድሞ አድራሻ ይላካል፤ በመዝገቡ ስሙ የሌለ ልጅም እንደ ባለመብት ሊቃወም አይችልም። ስለዚህ ከፓርላማው በፊት መሄድ ያለባችሁ ወደ መቃብር ቦታው ጽሕፈት ቤት ነው።

ሥርዓቱን በተመለከተ፣ የግል ረቂቅ የሚቀርበው በዓመት አንድ ጊዜ ሲሆን የመጨረሻው ቀን ኖቬምበር 27 ነው። አቅራቢው በአካባቢው ጋዜጣና የመንግሥት ማስታወቂያ በሚወጣበት ለንደን ጋዜት ያሳውቃል። ረቂቁ በታችኛው ምክር ቤት የሚጀመር ከሆነ ተቃውሞ ያለው ሰው እስከ ጃንዋሪ 30 ድረስ አቤቱታውን ያስገባል፤ ክፍያው 20 ፓውንድ ነው። አቤት ባዩ ግን ጉዳዩ ከማንም ሰው ይልቅ በተለየና በቀጥታ የሚነካው መሆኑን ማሳየት አለበት። ቤተሰቡ በዚያ የተቀበረ ባለመብት ይህን ለማሳየት የሚቸገር አይመስለንም፤ በጋዜጣ አንብቦ የተቆጣ ሰው ግን በሩ ላይ ይመለሳል።

አቤቱታውን የሚሰማው ኮሚቴ በታችኛው ምክር ቤት አራት አባላት አሉት። አባላቱ በጉዳዩ የራሳቸውም ሆነ የመራጮቻቸው ጥቅም እንደሌለበት በፊርማቸው ያረጋግጣሉ። አሰማሙ ከምክር ቤት ይልቅ ለችሎት የቀረበ ነው፤ አቅራቢው በጠበቃ ይናገራል፣ ምስክር ያሰማል፣ አቤት ባዩም ምስክሮቹን መስቀለኛ ጥያቄ ይጠይቃል። ጠበቃ መያዝ ግዴታ አይደለም፤ አንዲት አሮጊት በራሷ ተራ አነጋገር ብትናገር ኮሚቴው የመስማት ግዴታ አለበት። በቀድሞው ልማድ እያንዳንዱ አቤቱታ የሚዘጋው አቤት ባዮቹ ዘወትር እንደሚጸልዩ በሚገልጽ ሐረግ ነበር፤ በእኛ አገር የአቤቱታ አጻጻፍ ላደገ ሰው ይህ ባዕድ አይሆንበትም።

ጥያቄ፦ የፓርላማውን ስብሰባ በቀጥታ ሥርጭት ስከታተል፣ የአንድ ረቂቅ ርዕስ ሲነበብ አንድ ሰው ብቻ ከመቀመጫው «እቃወማለሁ» ብሎ ጮኸ፤ ረቂቁም ወዲያው ቀረ። ከ650 አባላት አንዱ ብቻ ሕግ ማስቆም የሚችልበት ምን ዓይነት ዴሞክራሲ ነው?
— ተከታታያችሁ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ያዩት ነገር ቀረ ለማለት አያስደፍርም፤ ለሌላ ቀን ተዛወረ ማለት ይሻላል። የግል ረቂቆች የሚጠሩት ስብሰባው በጸሎት ከተከፈተ በኋላ፣ ለሚኒስትሮች ጥያቄ ከመቅረቡ በፊት ባለችው አጭር ጊዜ ነው። የምክር ቤቱ ጸሐፊ የረቂቁን ርዕስ ያነብባል፤ ማንም ካልተናገረ ረቂቁ ሁለተኛ ንባቡን በጥቂት ሰከንዶች ያልፋል። አንድ አባል «እቃወማለሁ» ካለ ግን ምክንያቱን መናገር እንኳ አይጠበቅበትም፤ ረቂቁ ለሌላ ቀን ይተላለፋል፣ በዚያም ቀን ይኸው ሊደገም ይችላል።

ተቃውሞው ከቀጠለ ረቂቁ በክርክር እንዲታይ ቀን ይቆረጥለታል። ቀኑን የሚቆርጠው መንግሥት አይደለም፤ ከምክትል አፈ ጉባኤዎቹ ቀዳሚ የሆነው፣ በጥንቱ ማዕረግ ስሙ የገቢና የወጪ ሊቀመንበር ተብሎ የሚጠራው ባለሥልጣን ነው። ይህ ሰው እንደ አፈ ጉባኤው ሁሉ ከፓርቲ ክርክር ራሱን ያገለለ ነው። ክርክሩ የሚፈቀድለት ጊዜ ሦስት ሰዓት ሲሆን ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሦስቱ ሰዓት ድምፅ ሳይሰጥ ካለቀ ክርክሩ ለሌላ ቀን ይዛወራል፤ ተቃዋሚዎቹ ንግግራቸውን ካረዘሙ ደግሞ ማለቁ አይቀርም። ክርክሩ ይዘጋና ድምፅ ይሰጥ የሚለው ሐሳብ እንዲያልፍ ቢያንስ 100 አባላት ሊደግፉት ይገባል። ለአንድ ከተማ የጎዳና ንግድ ሕግ ሲባል በምሽት 100 የምክር ቤት አባላትን ከየቢሯቸውና ከየራታቸው ማሰባሰብ ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ አቅራቢዎቹ በደንብ ያውቁታል።

ምሳሌ እንጥቀስ። የካንተርበሪ፣ የሊድስ፣ የኖቲንግሃምና የሬዲንግ ምክር ቤቶች በየመንገዱ እየዞሩ የሚነግዱትን ለመቆጣጠር የሚያስችሉ ረቂቆች በ2007 አቅርበው ሕግ የሆኑላቸው በ2013 ነው። የለንደን የገንዘብና የንግድ ማዕከል በሆነው፣ ሲቲ በሚባለው ክፍል ምርጫ የድርጅቶችን ድምፅ ያሰፋው ረቂቅ በ1998 ቀርቦ በ2002 ጸደቀ። የለንደን የትራንስፖርት ባለሥልጣን በ2010 ያቀረበው ደግሞ ሕግ የሆነው በ2016 ነው። እነዚህ ረቂቆች የሥራ ዘመን ባለቀ ቁጥር ከመሞት የዳኑት ወደሚቀጥለው ዘመን የሚያሻግራቸው ውሳኔ በየጊዜው ስለተላለፈላቸው ነው፤ ያ ውሳኔም ራሱ «እቃወማለሁ» ሊባልበት ይችላል።

ታዲያ ይህ ዴሞክራሲ ነው ወይ ላሉት፣ በእኛ አስተያየት የአንዱ ድምፅ ኃይል እንደሚመስለው ከንቱ አይደለም። የመንግሥት ረቂቅ ሲቀርብ የተቃዋሚው ፓርቲ በንቃት ይከታተለዋል፣ ጋዜጦችም ይጽፉበታል። የአንድ ከተማ ወይም የአንድ ኩባንያ ረቂቅ ግን ጠባቂ የለውም፤ የሚነካቸው ሰዎች በአዳራሹ አይገኙም፤ ሌሎቹ አባላትም ርዕሱን እንኳ ላያነብቡት ይችላሉ። በዚህ ሁኔታ የአንድ አባል ተቃውሞ አቅራቢው ከሚነካቸው ሰዎች ጋር እንዲደራደር ያስገድደዋል፤ ብዙው ማሻሻያ የሚገኘውም በአዳራሹ ክርክር ሳይሆን ከአዳራሹ ውጭ በሚደረገው ድርድር ነው። ጉዳቱ ተቃውሞው ከአካባቢው ሰዎች ሳይሆን ከአንድ አባል አጠቃላይ እምነት ብቻ ሲመነጭ ይታያል። ያን ጊዜ ጥበቃ የሚደረግለት ሰው በሌለበት ዓመታት ይባክናሉ።

ጥያቄ፦ ቀደም ሲል በምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ሠርቻለሁ፣ አሁን በጡረታ ላይ ነኝ። ለእያንዳንዱ የግል ረቂቅ ቀን የሚቆርጠው ከፓርቲ ነጻ የሆነ ሰው ከሆነ፣ የረቂቆቹ አሠራር በጠቅላላው ይሻሻል የሚል ሪፖርት ሲቀርብ ለክርክሩ ቀን የሚቆርጠውም እርሱ ነው ወይስ መንግሥት? እንዲህ ያለው ማሻሻያ ለምን ያን ያህል ይዘገያል?
— ጡረተኛ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ያነሡት ጥያቄ የጉዳዩ ቁልፍ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርገን እንመልሳለን። ሊቀመንበሩ ቀን የሚቆርጠው በግል ረቂቅነት ለቀረበ ረቂቅ ብቻ ነው። አሠራሩ ይለወጥ የሚለው ክርክር ግን የምክር ቤቱ ጠቅላላ ሥራ ነው፤ እርሱም በአሠራር ደንቡ ቁጥር 14 ሥር ይወድቃል። ይህ ቁጥር በየስብሰባው የመንግሥት ሥራ ቅድሚያ እንዲኖረው ይደነግግና የቀረውን በልክ ይሰፍራል፤ ለተቃዋሚ ፓርቲዎች 20 ቀን፣ የሚኒስትርነት ሥልጣን ለሌላቸው አባላት 35 ቀን፣ ለአባላት የግል ተነሣሽነት ረቂቆች ደግሞ ቀደም ብለን የጠቀስናቸው 13 ዓርቦች። ከዚህ የተረፈው ሁሉ በመንግሥት ፈቃድ የሚሞላ ነው።

የሳምንቱን ሥራ የሚያስታውቀው በምክር ቤቱ የመንግሥት መሪ የሚባለው ሚኒስትር ነው። በየሐሙሱ ተነሥቶ የሚቀጥለውን ሳምንት ፕሮግራም ያነብባል፤ አባላትም ተራ በተራ እየተነሡ «በዚህ ጉዳይ ላይ ክርክር መቼ ይደረጋል?» ይሉታል። መልሱ ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው፦ የፓርላማው ጊዜ ሲፈቅድ፤ በተለመዱት መንገዶች እንነጋገርበታለን። የተለመዱት መንገዶች የሚባሉት የገዢውና የተቃዋሚው ፓርቲ ዋና ተጠሪዎች በዝግ የሚያደርጉት ውይይት ነው። ውይይቱ ቃለ ጉባኤ የለውም፣ ለሕዝብም አይገለጽም፤ የአገሪቱ ሕግ አውጪ አካል ስለ ምን መቼ እንደሚነጋገር ግን የሚቆረጠው በአብዛኛው በዚያ ነው። በምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ለሠራ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይሆንም ብለን እናምናለን።

የተለመዱት መንገዶች ለግል ረቂቆች ማሻሻያ በቀላሉ የማይከፈቱት ለምን እንደሆነ የ1980ዎቹ ታሪክ ያሳየናል። በዚያ ዘመን ወደቦች፣ የከተማ ባቡሮችና ግድቦች በግል ረቂቅነት እየቀረቡ ምክር ቤቱን አጨናነቁት። የፊሊክስቶው ወደብ ረቂቅ ዓመታት ፈጅቶ በ1988 ሕግ ሆነ። ወደቦች ሲስፋፉ ርካሽ የውጭ ከሰል ይገባና ማዕድን ማውጫዎቻችን ይዘጋሉ ብለው የሠጉ የከሰል አካባቢ ተመራጮች የወደብ ረቂቆችን አጥብቀው ታገሉ። በካርዲፍ የባሕር ሰላጤ ላይ ግድብ ለመሥራት የቀረበውን ረቂቅ ደግሞ በኋላ የዌልስ ቀዳማዊ ሚኒስትር የሆኑት ሮድሪ ሞርጋን በብርቱ ተቃወሙት፤ የግል ረቂቁ ሳይሳካ ቀርቶ መንግሥት ራሱ ረቂቅ አቀረበ፤ ሕግ የሆነውም በ1993 ነው። ተቃዋሚዎች፣ መንግሥት የራሱን ፖሊሲ በግል ረቂቅ ሽፋን ያሳልፋል እያሉ ይከሱ ነበር፤ ክሱ መሠረት የለሽ ነበር ለማለት ይከብዳል።

ከሁለቱ ምክር ቤቶች የተውጣጣ የጋራ ኮሚቴ ነገሩን መርምሮ በ1988 ሪፖርቱን አወጣ። ዋናው ሐሳቡ የባቡርና የወደብ ዓይነት ግንባታዎች ከፓርላማው ወጥተው በሌላ ሥርዓት እንዲፈቀዱ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ ይበሉ። ሪፖርቱ በቀረበ ማግስት ክርክሩ መቼ ነው የሚለው ጥያቄ ይነሣል፤ መንግሥት ግን የመልስ ግዴታ እንጂ የክርክር ግዴታ የለበትም። ለመርማሪ ኮሚቴዎች ሪፖርት መንግሥት በሁለት ወር ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጥ ይጠበቃል፤ ሪፖርቱ በአዳራሹ እንዲታይ የሚያስገድደው ደንብ ግን የለም። ክርክሩ ቢፈቀድም ብዙ ጊዜ «ምክር ቤቱ ሪፖርቱን አይቶታል» ከማለት በማያልፍ የመነጋገሪያ ሐሳብ (ሞሽን) ላይ ነው፤ ሐሳብ ይሰጣል፣ ውሳኔ አይተላለፍም። የጋራ ኮሚቴው ሐሳብ በትራንስፖርትና ግንባታ ሕግ ተጠቃልሎ የጸደቀው በማርች 1992 ነው፤ ኤፕሪል 9 ቀን የሚደረገው ጠቅላላ ምርጫ ሳምንታት ብቻ ቀርተውት ነበር። ትንሽ ቢዘገይ ረቂቁ ከፓርላማው ጋር አብሮ ይፈርስ ነበር። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው በጃንዋሪ 1993 ነው።

መዘግየቱን በቸልተኝነት ብቻ ማስረዳት አይቻልም። የግል ረቂቅ ሥርዓት ማሻሻያ ለማንም ፓርቲ ድምፅ አያስገኝም፤ በምርጫ ዘመቻ የሚጠቅሰው የለም። በሌላ በኩል በነባሩ ሥርዓት የሚጠቀሙ አሉ፤ በዚህ ሥራ ብቻ የሚተዳደሩ የፓርላማ ጉዳይ አስፈጻሚዎችና ጠበቆች አሉ፤ የአካባቢያቸውን ረቂቅ በአንድ ቃል የማስቆም ሥልጣናቸውን መተው የማይፈልጉ አባላትም አሉ። ደንቦቹ ደግሞ በሁለቱ ምክር ቤቶች ተነጻጻሪ ሆነው የተጻፉ ስለሆኑ በአንዱ የተለወጠ ነገር በሌላውም መለወጥ ይኖርበታል። ለሚኒስትሩ የሚቀለው ሪፖርቱን በአክብሮት ተቀብሎ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ነው።

ከዚህ መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በስኮትላንድ የሆነውም ይህንኑ ይመስላል። አንድ የስኮትላንድ ከተማ ውኃ ለማስገባት ወይም የጋዝ መብራት ለመዘርጋት ሲፈልግ መሐንዲሶቹን፣ ምስክሮቹንና ጠበቆቹን ይዞ ለንደን ውስጥ ፓርላማው እስካለበት እስከ ዌስትሚንስተር ድረስ መውረድ ነበረበት፤ የሆቴሉን፣ የባቡሩንና የጠበቃውን ወጪ የሚሸከመው ግብር ከፋዩ ነበር። ምርመራው በአገራችን ይሁን የሚሉ ረቂቆች በተደጋጋሚ ቀርበው ሳይጸድቁ ቀሩ። በመጨረሻ በ1899 በወጣው ሕግ ጥያቄው ለስኮትላንድ ሚኒስትር እንዲቀርብ፣ ተቃውሞ ካለው በዚያው በስኮትላንድ ምርመራ እንዲደረግ፣ ፓርላማውም የተዘጋጀውን ትእዛዝ በማጽደቅ እንዲወሰን ተደረገ። ከመጠን በላይ ትልቅ የሆነ ጉዳይ ግን በሁለቱ ምክር ቤቶች ሊቀመናብርት ውሳኔ በግል ረቂቅነት እንዲቀርብ በሩ አልተዘጋም። በእኛ ግምት ከተደረጉት ማሻሻያዎች ሁሉ በጥሩ ሁኔታ የታሰበበት ይህ ነው፤ አቤት ባዩን ከዳኛው አላራቀውም፣ እንዲያውም አቀራረበው።

የ1992ቱ ግን በዚህ ረገድ ጥያቄ ያስነሣል። ጊዜ መቆጠቡ እውነት ነው። ይሁንና ቀድሞ ቤቱ የሚፈርስበት ሰው በተመራጮች ፊት ቆሞ ይሟገት የነበረበት ጉዳይ ወደ ሚኒስትር ውሳኔ ተዛወረ፤ ምርመራው በይፋ ቢካሄድም የመጨረሻውን ፊርማ የሚያኖረው ሚኒስትሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ግንባታውን የሚፈልገው ይኸው መንግሥት ነው። መንግሥት ራሱ ለትልልቆቹ ግንባታዎች አሁንም ወደ ፓርላማ መምጣቱ ይህን የሚመሰክር ይመስለናል። ከለንደን ወደ በርሚንግሃም የሚሄደው የፈጣን ባቡር መሥመር የተፈቀደው ከፊሉ የመንግሥት፣ ከፊሉ የግል ጠባይ ባለው ድብልቅ ረቂቅ ነው፤ ረቂቁ በ2013 ቀርቦ እስከ 2017 ሲታይ ኮሚቴው በሺሕ የሚቆጠሩ አቤቱታዎች ቀርበውለታል።

የሚገርመው፣ የስኮትላንድ ፓርላማ በ1999 እንደገና ሲቋቋም የግል ረቂቅ ሥርዓትንም አብሮ ተቀበለ። የኤድንብራ ትራምና የዌቨርሊ ባቡር ረቂቆች በ2006 ሕግ ሆኑ፤ የኮሚቴ አባላት በወራት የሚቆጠር ጊዜያቸውን በሐዲድ ካርታዎች ላይ አሳለፉ። በ2007 እዚያም እንደ 1992ቱ ያለ ሕግ ወጣ። ልዩነቱ፣ ዌስትሚንስተር ከመቶ ዓመት በላይ የተንገላታበትን ነገር ኤድንብራ ስምንት ዓመት ሳይሞላ መቋጨቷ ነው፤ አዲሱ ምክር ቤት ለጊዜ የሚሽቀዳደሙ ብዙ ሥራዎች ስላልነበሩበት ይመስላል።

ዛሬ ማሻሻያ የሚፈልግ አባል ከ1988ቱ የተሻለ መንገድ አለው። ከ2010 ጀምሮ የሚኒስትርነት ሥልጣን የሌላቸው አባላት የሚመሩት ኮሚቴ ለእነርሱ የተሰጠውን ጊዜ ያከፋፍላል፤ ከ1999 ጀምሮ ደግሞ ከዋናው አዳራሽ ውጭ በዌስትሚንስተር ሆል የሚደረግ ትይዩ ክርክር አለ። ሆኖም ደንብ የሚለውጥ ውሳኔ የሚተላለፈው በዋናው አዳራሽ ነው፤ ለእርሱም ቀን ለማግኘት አሁንም ወደ ሐሙሱ ጥያቄና ወደ ዝጉ ክፍል መመለስ የግድ ነው።

ጥያቄ፦ በእኛ አገርስ የግል ረቂቅ ሕግ የሚባል አለ? የምክር ቤታችንን አጀንዳ የሚወስነውስ ማን ነው?
— አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ እንደ እንግሊዙ ያለ፣ አንድ ድርጅት በአቤቱታ ጀምሮ በችሎት መልክ የሚያስመረምረው የሕግ አወጣጥ ሥርዓት የለንም። ለአንድ ተለይቶ ለታወቀ አካል የወጣ ሕግ ግን አለን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 398 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን የሕግ ሰውነት ዕውቅና ሰጥቷል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትና ለወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል በየስማቸው አዋጅ አጽድቋል። እነዚህ በይዘታቸው ከግል ሕግ ጋር ቢቀራረቡም የጸደቁት በተለመደው የአዋጅ መንገድ ነው።

አጀንዳን በተመለከተ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 መሠረት የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ከመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ቀን ሲሆን በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት ይኖረዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የትኛው ጉዳይ መቼ እንደሚቀርብ የሚመክረው በአፈ ጉባኤው የሚመራው አማካሪ ኮሚቴ ነው። የመንግሥት ዋና ተጠሪም በዚያ መቀመጫ አለው።